ኦርኬስትራ በሣር ላይ ተቀምጦ

በአሜሪካ፣ በማያሚ ቢች ከተማ፣ ለቲኬት ኪሱ ያልፈቀደለት ሰው ምንጣፉንና ስንቁን ይዞ ወደ ሜዳው ይወርዳል። ፍራንክ ጌሪ የነደፉት የኒው ወርልድ ሲምፎኒ አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲከፈት አንደኛው የውጭ ግድግዳው ለሥዕል ማሳያ ተሠራ፤ ስፋቱ 650 ሜትር ካሬ ያህል ነው። የተመረጡ ኮንሰርቶች በዚያው ሰዓት በዚህ ግድግዳ ላይ በነፃ ይታያሉ።

አስቸጋሪው ነገር ድምፁ ነው። ብርሃን ወዲያው ሲደርስ፣ ድምፅ በሴኮንድ የሚጓዘው 340 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ድምፅ ማጉያው ከግድግዳው ሥር ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ከኋላ የተቀመጠው ሰው የከበሮው ምት ከመቺው እጅ ዘግይቶ በደረሰው ነበር። ስለዚህ ከ160 በላይ ድምፅ ማጉያዎች በሜዳው ተዘርግተዋል።

እርግጥ ነው፣ ቫዮሊኑ ከእንጨቱ እንደ ወጣ የሚሰማው አዳራሽ ውስጥ ላለው ነው። ለሜዳው ሰው የሚደርሰው በኤሌክትሪክ ያለፈው ነው፤ ነፋስና የመኪና ጡሩምባም ይጨመርበታል። ይሁን እንጂ ከመሪው በስተኋላ ወንበር የገዛው ጀርባውን ሲያይ፣ ባለምንጣፉ ፊቱን ያያል፤ ቅንድቡ ከፍ ሲል ዋሽንቶቹ ሲገቡ ይመለከታል። ሕፃን ቢያለቅስም ዞሮ የሚገላምጥ የለም።