አሮጌ የዜማ ዕቃ ሲታደስ

ከደጋው አገር ወደ ጋምቤላ የሚወርድ ቤተ ሰብ በገናውን ወይም መሰንቆውን ይዞ የሄደ እንደ ሆነ፥ በክረምት ወራት የዕቃው ድምፅ እንግዳ ይሆንበታል። በባሮ ወንዝ ዳር ያለችው ይህች ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለች ስለ ሆነች ሙቀትዋ ብርቱ ነው፤ የዝናቡም እርጥበት ሲጨመርበት ቆዳው ይረግባል። ባለቤቱ ግን «ተበላሸ» ብሎ ቆዳውን ለማስቀየር ባይቸኩል መልካም ነው፤ ደረቅ አየር ሲያገኝ መልሶ ይወጠራልና። ከአባት የተረከብነውን ዕቃ ወደ ጠጋኝ ከመውሰዳችን በፊት ጉድለቱ የትኛው፥ ጠባዩስ የትኛው እንደ ሆነ ለይተን ማወቅ ይገባናል።

በዚህ ጥበብ እጅግ የተራቀቁት የቫዮሊን ጠጋኞች ናቸው። በኢጣልያ በክሬሞና ከተማ የነበረው እውቁ ሠሪ አንቶንዮ ስትራዲቫሪ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1737 ሲሆን፥ የእጁ ሥራዎች ዛሬም በመድረክ ላይ ይሰማሉ። ይህም የሆነው ሳይነኩ ስለ ቀሩ አይደለም፤ የአብዛኞቹ አንገት በኋላ ዘመን ተለውጧል፥ ሆዳቸውም ተከፍቶ ታድሷል። የቫዮሊን ክዳን ከጎኑ ጋር የሚጣበቀው የከብት ቆዳ ተቀቅሎ በሚገኝ ሙጫ ነው፤ ይህም ሙጫ በሙቀትና በእርጥበት ይለቃል። እንጨቱ በአየሩ ጠባይ ሲያብጥና ሲኮማተር ብዙ ጊዜ መጋጠሚያው አስቀድሞ ስለሚለቅ እንጨቱ ከመሰንጠቅ ይድናል። በዘመኑ ብርቱ ሙጫ የሚያጣብቅ ሰው ለጊዜው ያጠነክረዋል፤ ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ጠጋኝ ግን በሩን ይዘጋበታል። ደግሞ በሆዱ ውስጥ ክዳኑንና ጀርባውን የሚያገናኝ፥ ያለ ሙጫ የቆመ ቀጭን ዘንግ አለ። ኢጣልያኖችና ፈረንሳዮች «ነፍስ» ይሉታል፤ ጥቂት ፈቀቅ ቢል እንኳ ድምፁ ይለወጣል።

በዐቢይ ጾም የምንሰማው በገናም የራሱ ምሥጢር አለው። ከበግ አንጀት የተፈተሉ 10 አውታሮች አሉት፤ አውታሩ በበርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ እንዚራ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል። ያ ልብ የሚነካ ንዝረት የሚመጣው አውታሩ ከዚህ ጋር ሲነካካ ነው። ቫዮሊን ብቻ የሚያውቅ ጠጋኝ ንዝረቱ ብልሽት መስሎት ቁራጮቹን አውልቆ ቢጥል አውታሩ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ በገናው ግን በገና መሆኑ ቀረ። እንዚራው የጠፋ እንደ ሆነ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ አዲስ ቆዳ ቆርጦ ንዝረቱ እስኪመጣ ድረስ በጥቂት በጥቂቱ ማንቀሳቀስ ነው። ትዕግሥት እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም።

ወደ ጋምቤላ እንመለስ። የአኙዋክ ሕዝብ ቶም የሚሉት መሣሪያ አለ፤ በእንጨት ሣጥን ላይ ቀጫጭን የብረት ምላሶች ተደርድረው በአውራ ጣት የሚመታ ነው። በአፍሪካ ብዙ ዘመዶች አሉት፤ ከእነዚሁ አንዱ የሆነው የዚምባብዌና የማላዊ ምቢራ እ.ኤ.አ. በ2020 በዩኔስኮ የቅርስ መዝገብ ገብቷል። የዚህ ዓይነት ዕቃ የሚቃኘው በምላሱ ርዝመት ነው፤ ከማሰሪያው ወደ ውጭ ቢሳብ ድምፁ ይወፍራል፥ ወደ ውስጥ ቢገፋ ይቀጥናል። ብረቱ ሲዝግ በሞረድ ለመጥረግ የሚቸኩል ሰው ቅኝቱን ያጠፋዋል፤ ከጫፉ ጥቂት ቢፋቅ ቃናው ወደ ላይ ይወጣል፥ ከሥሩ ቢሳሳ ይወርዳል። ለዝገቱ ዘይት የነካ ጨርቅ ይሻላል። በምቢራ ላይ የሚታሰሩት ዛጎልና የጠርሙስ ክዳንም እንደ እንዚራው ሆን ተብለው እንዲንጫጩ የገቡ ናቸው፤ የማያውቅ ሰው ግን ጉድፍ ይላቸዋል።

ስለዚህ ዕቃውን ለጠጋኝ ከመስጠት በፊት የሚያውቀው ሽማግሌ ካለ ማስመታት፥ ድምፁንም በእጅ ስልክ መቅረጽ ያስፈልጋል። የወለቀውን ቁራጭ ሁሉ፥ ቆሻሻ ቢመስልም እንኳ፥ በጨርቅ ጠቅልሎ ከዕቃው ጋር ማስረከብ ነው።