የኪስ ፕሮጀክተር ኤሌክትሮኒክስ

በመዳፍ ላይ ከሚያርፉት ዲጂታል ፕሮጀክተሮች ብዙዎቹ የሚሠሩት፣ በአሜሪካው ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኩባንያ የፊዚክስ ባለሙያ የነበሩት ላሪ ሆርንቤክ እ.ኤ.አ. በ1987 በፈለሰፉት የመስታወት ቺፕ ነው። ከቺፑ አነስተኛ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ዲኤልፒ 2010 ከ400 ሺህ የሚበልጡ የአሉሚኒየም መስታወቶችን በ854 ዓምድና በ480 ረድፍ የያዘ ሲሆን፣ መስታወቶቹ በ5.4 ማይክሮሜትር ርቀት ስለተሰደሩ በ1 ሚሊሜትር ውስጥ 185 ያህሉ ጎን ለጎን ይገባሉ።

እያንዳንዱ መስታወት በሥራ ላይ ሁለት አቋም ብቻ አለው፤ 17 ዲግሪ ወደ አንዱ ጎን ሲያዘነብል ብርሃኑን ወደ ሌንሱ ይሰድዳል፣ ወደ ሌላው ሲያዘነብል ብርሃኑ ከሌንሱ ውጭ ስለሚቀር ነጥቡ ይጨልማል። በመካከል ያለው ድምቀት ሁሉ የሚገኘው ከጊዜ ነው፤ መስታወቱ ደጋግሞ ሲገላበጥ ወደ ሌንሱ ዞሮ የቆየባቸውን ቅጽበቶች ዓይን አጠራቅሞ እንደ አንድ የብርሃን መጠን ያያቸዋል። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መብራቶች የሚበሩትም በየተራ በመሆኑ፣ በሴኮንድ 60 ምስል የሚያሳይ መሣሪያ ጊዜውን ለሦስቱ እኩል ቢያካፍል ለአንዱ ቀለም 5.5 ሚሊሴኮንድ ገደማ ይደርሰዋል፤ ይህም ለ256 የድምቀት እርከኖች ሲሸነሸን ትንሹ ድርሻ 22 ማይክሮሴኮንድ ያህል ይሆናል። ስለሆነም መስታወቶቹን የሚያዘው መቆጣጠሪያ ቺፕ የመብራቶቹንም ተራ ራሱ ይጠብቃል፤ አንዱ መብራት ጥቂት ቢዘገይ የምስሉ ቀለም ይዛባልና።

መብራቶቹ ደግሞ የየራሳቸው ጠባይ አላቸው፤ ቀዩ 2 ቮልት አካባቢ ሲበቃው ሰማያዊው 3 ቮልትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፣ የሊቲየም ባትሪው ቮልቴጅ ግን ከ4.2 እየወረደ ወደ 3 ይጠጋል። በመሆኑም የኃይል መለወጫው ቮልቴጅን ዝቅም ከፍም ማድረግ የሚችል፣ በየቀለሙ ተራም ፈጥኖ የሚረጋ መሆን ይኖርበታል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው መሣሪያውን ማጥፋት ነው፤ ነገሩ ለተጠቃሚው ቀላል መምሰሉ ያሳስታል። መስታወቶቹን ለማዘንበል፣ ይዞ ለማቆየትና ለማስለቀቅ 18፣ 10 እና ከዜሮ በታች 14 ቮልት ያስፈልጋሉ፤ እነዚህ በድንገት ቢቋረጡ መስታወቶቹ እንዳዘነበሉ ሊቀሩ ይችላሉ፣ ይህ ሲደጋገምም ካረፉበት ተጣብቀው ሊበላሹ ይችላሉ። ስለዚህ ባትሪው ተነቅሎ ቢወጣ እንኳ የኃይል መቆጣጠሪያው የቮልቴጁን መውረድ አስቀድሞ አውቆ ለመቆጣጠሪያው ቺፕ ምልክት ይሰጣል፤ ቺፑም በካፓሲተሮቹ ውስጥ በቀረችው ኃይል መስታወቶቹን ሁሉ ወደ አግድም አቋማቸው ይመልሳል።