ሰላምታው ረዝሞ ጉዳዩ እንዳይጠፋ
በእንግሊዝኛ ፈተና ላይ መደበኛ ደብዳቤ ስለ መጻፍ

ፈተና በተመለሰ ቁጥር በየመኝታ ክፍሉ የሚሰማ አንድ ሮሮ አለ። «ሰዋስዉን አውቀዋለሁ፣ ቃላቱንም አጥንቻለሁ፤ ደብዳቤው ላይ ግን ማርኬ የት እንደሚሄድ አይገባኝም» የሚል ነው። የዚህች አጭር ጽሑፍ ዓላማ ማርኩ የት እንደሚሄድ ማሳየት ነው።

ከራሴ ልጀምር። ተማሪ ሳለሁ የመጣው ጥያቄ እንዲህ ይል ነበር፦ ትምህርት ቤትህ ካዘዛቸው 40 መዝገበ ቃላት ውስጥ 12ቱ ገጽ ጎድሏቸዋል፤ እንዲለወጡ ለመጽሐፍ መደብሩ ሥራ አስኪያጅ ጻፍ። እኔ ሆዬ የሥራ አስኪያጁን ጤንነት፣ የቤተሰቡን ደህንነት ስጠይቅ ገጹ ተጋመሰ። መዝገበ ቃላቱ ጋ ስደርስ ደወሉ ተደወለ። እንግሊዝኛዬ ያን ያህል የሚያሳፍር አልነበረም። ያልተጠየቅሁትን ጽፌ የተጠየቅሁትን መተዌ ነው የጣለኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። እኛ አክብሮትን በ«እርስዎ» እና በሰላምታው ርዝመት እንገልጻለን። እንግሊዝኛ ግን ለአንተም፣ ለአንቺም፣ ለእርስዎም፣ ለእናንተም ያለው ያው አንድ «ዩ» ነው። ታዲያ አክብሮቱ የት አለ? በቅርጹ ሥርዓት፣ በአጭርነቱና በለስላሳ አጠያየቁ ውስጥ ነው። ይህን የያዘ ሰው የቀረውን በቀላሉ ይደርስበታል።

አንደኛ፣ አድራሻና ቀን። በተለመደው የእንግሊዞች አጻጻፍ የላኪው አድራሻ በስተቀኝ ከላይ፣ ቀኑ ከሥሩ፣ የተቀባዩ አድራሻ ደግሞ በስተግራ ዝቅ ብሎ ይጻፋል። የላኪው ስም ከአድራሻው በላይ አይገባም፤ ቦታው መጨረሻ ላይ ከፊርማው ሥር ነው። ቀኑን በእነሱ አቆጣጠር ስትጽፉ ዓመቱን አትርሱ። ከመስከረም መግቢያ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ይጨመራል። ለምሳሌ መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ነበር። ወሩንም በስሙ ጻፉት፤ በቁጥር ከሆነ እንግሊዝ ቀኑን፣ አሜሪካዊ ወሩን ስለሚያስቀድም ያምታታል።

ሁለተኛ፣ አጠራር። በአማርኛው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ «ለ» ብለን ወደ «ጉዳዩ» እናልፋለን። በእንግሊዝኛው ግን «ዲር» መቅረት የለበትም። «የማላውቀውን ሰው እንዴት ውድ እለዋለሁ?» የሚሉ አሉ፤ ይህ ደንብ ነው እንጂ የፍቅር ቃል አይደለም። ስሙ ካልተሰጠ «ዲር ሰር ኦር ማዳም» ይባላል። ስሙ ፒተር ስሚዝ ነው ከተባለ ደግሞ «ዲር ሚስተር ስሚዝ» እንጂ «ዲር ሚስተር ፒተር» አይባልም። እኛ «አቶ» የምንለው በሰውየው በራሱ ስም ስለሆነ እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን።

ሦስተኛ፣ ዋናው አካል። ሦስት አንቀጽ ይበቃል። በመጀመሪያው ለምን እንደምትጽፉ በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። በሁለተኛው ዝርዝሩን አስቀምጡ፦ መቼ ታዘዘ፣ ስንት ደረሰ፣ ስንቱ ተበላሸ። በሦስተኛው ምን እንዲደረግ እንደምትፈልጉ ግለጹ። «ለውጡልን» ብሎ ማዘዝ ያስቀይማል፤ «አይ ውድ ቢ ግሬትፉል ኢፍ ዩ ኩድ» ብሎ መጀመር ግን የእኛን «ቢተባበሩን» ያህል ያለሰልሳል። እንደ «ዶንት» እና «አይም» ያሉትን የተቆራረጡ ቃላትም ዘርዝራችሁ ጻፉ፤ አጭሩ ለጓደኛ ደብዳቤ ነው።

አራተኛ፣ መዝጊያ። «ከሰላምታ ጋር» የሚለውን ቃል በቃል መተርጎም አያዋጣም። «ዲር ሰር ኦር ማዳም» ብሎ የጀመረ «ዩርስ ፌይዝፉሊ» ብሎ ይዘጋል። በስም የጀመረ «ዩርስ ሲንሲርሊ» ይላል። ይህ የእንግሊዞች ልማድ ነው፤ አሜሪካውያን በሁለቱም በኩል «ሲንሲርሊ» ማለት ይቀናቸዋል። በአንዱ ከጀመራችሁ በዚያው ጨርሱ። በእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ «ዩርስ» በትልቅ ፊደል ይጀምራል፣ ተከታዩ ቃል ግን በትንሽ ነው።

ፈተናው ላይ ስትቀመጡ ብዕር ከማንሳታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ለራሳችሁ አቅርቡ። ለማን ነው የምጽፈው? ለምን? ምን እንዲያደርግልኝ? መልሱን በረቂቅ ወረቀት ጥግ ላይ ጫር አድርጉት። መጨረሻ ላይም ሦስቱ መልሶች ደብዳቤው ውስጥ መግባታቸውን አረጋግጡ። እኔ ያን ቀን ይህን አድርጌ ቢሆን ኖሮ 12ቱ መዝገበ ቃላት አይረሱም ነበር።

በመጨረሻም ለነገ መምህራን አንድ ቃል። ተማሪዎቻችሁ የአማርኛ ሰላምታ ተርጉመው ሲያመጡላችሁ በቀይ ሰርዛችሁ ብቻ አትለፉ። ልጁ ጨዋ ለመሆን ብሎ ነው የጻፈው። በእንግሊዝኛ ጨዋነት እንዴት እንደሚነገር አሳዩት፤ ነገ ሥራ ወይም የትምህርት ዕድል ሲጠይቅ እሱን ቀድሞ የሚታየው ደብዳቤው ነውና።

መልካም ጥናት!