ሄል ከተለቀመ በኋላ፦ በደቡብ ሕንድ ያየነው



ከቅመም ገበሬዎች ዘንድ አዘውትሮ የሚደርሰን ጥያቄ «ችግኝ ስጡን» የሚል ነው። ችግኝ መስጠት መልካም ነው። ይሁን እንጂ ገበሬው የሚያገኘው ዋጋ በአብዛኛው የሚወሰነው ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ነው። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት በሕንድ አገር፣ በኬረላ ክፍለ ግዛት፣ በኢዱኪ አውራጃ የሄል ገበሬዎችን ለአምስት ቀን ጐብኝተን ተመልሰናል። የተማርነውንም በአጭሩ እናቀርብላችኋለን።

ለቀማው

ኢዱኪ ተራራማ አገር ነው። ሄል ከባሕር ወለል በላይ ከ600 እስከ 1,200 ሜትር ባለው ከፍታ፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። ከእኛ ኮረሪማ ጋር የዝንጅብል ወገን ስለሆነ በመልኩም ይመሳሰላል። ከተተከለ በሦስተኛው ዓመት ገደማ ማፍራት ይጀምራል። ፍሬው ባንድ ጊዜ ስለማይደርስ፣ ለቃሚዎቹ፣ አብዛኞቹም ሴቶች ናቸው፣ በየወሩ ወይም በየአርባ ቀኑ ወደዚያው ተክል እየተመለሱ የደረሰውን ብቻ ለይተው ይለቅማሉ። ከመጠን በላይ የበሰለው ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ያልደረሰው ደግሞ ይጨማደዳል።

ማድረቂያው ቤት

ገዢዎች የሚፈልጉት አረንጓዴውን ሄል ነው። ፀሐይ ቀለሙን ስለምታገረጣው፣ በማድረቂያ ቤት ውስጥ ከ45 እስከ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ሙቀት አንድ ቀን ያህል ይቆያል። ከአምስት ኪሎ እርጥብ ፍሬ አንድ ኪሎ ያህል ደረቅ ይገኛል። ከዚያም አሽተው፣ አበጥረው፣ በወንፊት በየመጠኑ ይለዩታል።

ካነጋገርናቸው መካከል አንዲት እናት ያላቸው መሬት ከአንድ ሄክታር በታች ነው። ቀድሞ እርጥቡን ለመንደር ነጋዴ ይሸጡ ስለነበር የተባሉትን ዋጋ ከመቀበል በቀር ምርጫ እንዳልነበራቸው ነገሩን። እርጥብ ፍሬ አያድርምና። አሁን በጐረቤት ማድረቂያ ኪራይ ከፍለው ስለሚያደርቁ፣ ገበያው ሲወድቅ ጥቂት ሳምንት መጠበቅ ችለዋል።

ጨረታው

ደረቁ ሄል በፑታዲ መንደር በሚደረግ ጨረታ ይሸጣል። ይህንን የሚቈጣጠረው፣ እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣ ሕግ የተቋቋመውና ዋና መሥሪያ ቤቱ በኮቺ ከተማ የሆነው የቅመማ ቅመም ቦርድ ነው። ነጋዴዎቹ ናሙናውን በእጃቸው እያዩ በኮምፒዩተር ዋጋ ይሰጣሉ። ዋጋው በግልጽ ስለሚታይ፣ ወደ ጨረታው ያልሄደ ገበሬ እንኳ የዕለቱን ዋጋ ማወቅ ይችላል።

ነገር ግን ግልጽ ገበያ የጸና ዋጋ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 በኬረላ ታላቅ ጐርፍ ደረሰ። ምርቱ በማነሱ በ2019 የአንድ ኪሎ ሄል ከፍተኛ ዋጋ እስከ 7,000 ሩፒ ወጣ። በ2022 ግን አማካዩ ከ1,000 ሩፒ በታች ወረደ። በውዱ ዘመን ተበድሮ መሬት ያሰፋ ገበሬ ዕዳውን የሚከፍለው በርካሹ ዘመን ነው። ደግሞም በ2018 ሳዑዲ ዓረቢያ የፀረ ተባይ መድኃኒት ቅሪት ተገኘበት በማለት ከሕንድ የመጣ ሄል መልሳለች። አንዱ ገበሬ ያለ ልክ የረጨው መድኃኒት ጐረቤቱንም ገበያ ያሳጣዋል ማለት ነው።

ለሥራችን የሚጠቅመው

ኮረሪማ እንደ ሄል ይድረቅ ማለታችን አይደለም። ኮረሪማ የሚለቀመው ፍሬው ቀልቶ ሲበስል ነው፤ ለዚያም አረንጓዴ ቀለም አይፈለግበትም። ሆኖም በደቡብ ምዕራብ አገራችን ብዙ ገበሬ ሌባ ይቀድመኛል ብሎ ሳይበስል ይለቅማል፣ በባዶ መሬት ላይም ያሰጣል። ስለዚህ የፕሮጀክት ሠራተኞች ሦስት ነገሮችን እንዲያስቡባቸው እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ችግኝ ከማከፋፈል አስቀድሞ፣ ያለው ምርት የሚደርቅበት ከመሬት ከፍ ያለ አልጋ ይዘጋጅ።

ሁለተኛ፣ ጐረቤታሞች የለቀማውን ቀን ተስማምተው ይቁረጡ፤ ማሳውንም በየተራ ይጠብቁ። ሌብነትን የሚያስቀረው ይኸው ነው።

ሦስተኛ፣ ቅመም የእንሰቱንና የበቈሎውን ቦታ አይውሰድ። ዋጋ በወደቀበት ዓመት ቤተ ሰቡን የሚያበላው የጓሮው እህል ነው።

እናንተም በየጉባኤያችሁ ለቅመም ገበሬዎች ስጦታ የምትሰበስቡ ወገኖች፣ ሪፖርታችን ሲደርሳችሁ ስንት ችግኝ ተተከለ ብላችሁ ብቻ አትጠይቁን። ስንት ቤተ ሰብ ምርቱን አድርቆ፣ የገበያውን ዋጋ አውቆ ሸጠ ብላችሁም ጠይቁን። ይህንን ቈጥረን ልናሳውቃችሁ ይገባናል።