አሥር ሺህ ሰው ይዞ አገር መሆን ይቻላል?

በዚህ እትም ከዋንዴገያ ሳንነሳ በካርታ ላይ ረዘም ያለ ጉዞ እናደርጋለን። የምንጎበኛቸው በዓለም ላይ በጣም ጥቂት ሕዝብ ያላቸውን አገሮች ነው።

እስቲ በአንድ ጥያቄ እንጀምር። እዚሁ ኡጋንዳ፣ ናኪቫሌ የስደተኞች ሠፈር ውስጥ ከ100,000 በላይ ሰው ይኖራል። ቱቫሉ የምትባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ አገር ግን ሕዝቧ 10,000 ገደማ ብቻ ነው። ታዲያ ቱቫሉ በተባበሩት መንግሥታት ወንበር ሲኖራት ናኪቫሌ የሌለው ለምንድን ነው?

አገር የሚያሰኘው ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1933 በሞንቴቪዴዮ ከተማ የተፈረመው ስምምነት አራት ነገሮችን ይዘረዝራል፦ ቋሚ ሕዝብ፣ የታወቀ ግዛት፣ መንግሥት፣ እንዲሁም ከሌሎች አገሮች ጋር ግንኙነት የማድረግ ችሎታ። ልብ በሉ፣ ሕዝቡ ቢያንስ ይህን ያህል ይሁን የሚል ቁጥር የለም። ናኪቫሌ ሰው ሞልቶታል፤ መሬቱ ግን የኡጋንዳ ነው፣ የሚተዳደረውም በኡጋንዳ ሕግ ነው።

ጥቂቶቹን በቁጥር እንያቸው፦

1. ቫቲካን፦ ከ1,000 ሰው በታች፣ 0.44 ካሬ ኪሎ ሜትር
2. ቱቫሉ፦ 10,000 ገደማ፣ 26 ካሬ ኪሎ ሜትር
3. ናውሩ፦ 12,000 ገደማ፣ 21 ካሬ ኪሎ ሜትር
4. ሳን ማሪኖ፦ 34,000 ገደማ፣ 61 ካሬ ኪሎ ሜትር

ከአፍሪካ ጥቂት ሕዝብ ያላት ሲሼልስ ናት፤ ከ100,000 ትንሽ ዘለል ይላል። ሲሼልስን የካምፓላ ሰው በታሪክ ያውቃታል። እንግሊዞች የቡጋንዳውን ካባካ ምዋንጋንና የቡንዮሮውን ንጉሥ ካባሌጋን እ.ኤ.አ. በ1899 ማርከው ወደዚያ አጋዟቸው። ምዋንጋ እዚያው በ1903 ሞተ፤ አፅሙ በ1910 ተመልሶ ከዋንዴገያ ብዙም በማይርቀው በካሱቢ አረፈ። ያኔ የነገሥታት ግዞት የነበረችው ደሴት ከ1976 ጀምሮ ነጻ አገር ናት። በአፍሪካ ኅብረትም እንደ ኢትዮጵያ፣ እንደ ኡጋንዳ አባል ናት።

በትንሿ አገር ውስጥ ያለው የሐበሻ ቤት

ቫቲካን ሙሉዋ ተለክታ ከዋንዴገያ በላይ ካለው የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ታንሳለች። አገር የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1929 ከጣልያን ጋር በተደረገው የላተራን ስምምነት ነው። የሚገርመው ግን፣ በዚያች ጠባብ ቅጥር ውስጥ የኢትዮጵያ ቤት አለ። ጳጳሱ ሲክስቶስ አራተኛ በ1479 አንድ ቤተ ክርስቲያን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ሰጡ። እስከ ዛሬ ስሙ «የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ» ነው። አባ ተስፋ ጽዮን የሚባሉት መነኩሴ በዚያ ሲኖሩ ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው በ1548 በሮም የግዕዝ አዲስ ኪዳን ማሳተም ጀመሩ። በሰው አገር ተቀምጠው በራሳቸው ፊደል መጽሐፍ አሳተሙ ማለት ነው። ዛሬም የኢትዮጵያና የኤርትራ ካቶሊክ ካህናት የሚማሩበት የኢትዮጵያ ኮሌጅ በቫቲካን ግቢ ይገኛል።

የቫቲካን ዜግነት እንደ ሌላው አገር በትውልድ አይገኝም። በዋናነት ከሥራ ጋር የሚሰጥ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ዜግነቱም ያልቃል። ታዲያ ሌላ ዜግነት የሌለው ሰው ምን ይሆናል? የላተራን ስምምነት አንቀጽ 9 ይህን አስቀድሞ አስቦበታል፦ እንዲህ ያለው ሰው ጣልያናዊ ሆኖ ይቆጠራል። ሜዳ ላይ አይቀርም።

መሬቱ ቢሰጥምስ?

የቱቫሉ ጭንቀት ሌላ ነው። ከፍተኛው ቦታዋ ከባሕር ወለል 5 ሜትር አይሞላም፤ ባሕሩ ደግሞ ከፍ እያለ ነው። ስለዚህ ከአውስትራሊያ ጋር በ2023 ተዋዋለች፤ ውሉም ከ2024 ጀምሮ ይሠራል። በየዓመቱ እስከ 280 ሰው ወደ አውስትራሊያ ሄዶ መኖርና መሥራት ይችላል። በ2025 የመጀመሪያው ዕጣ ሲከፈት ከሕዝቡ ከሲሶ በላይ ተመዘገበ። ከዚያም በላይ ውሉ ባሕሩ ከፍ ቢልም የቱቫሉ አገርነት እንደሚቀጥል ይናገራል። ሰው ከመሬቱ ቢነሳ እንኳ ዜግነቱ እንዳይነሳበት ነው ነገሩ።

ይህ እኛን ምን ያገባናል?

ብዙ ጊዜ ተማሪዎቻችን «ስደተኛ» እና «አገር አልባ» የሚሉትን ቃላት እንደ አንድ ያዩአቸዋል። አንድ አይደሉም። በ1951 ስምምነት መሠረት ስደተኛ ማለት በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በፖለቲካ አመለካከቱ ወይም በአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባልነቱ መሳደድን በሚገባ ፈርቶ ከአገሩ የወጣ ነው። ዜግነቱ ግን በመሰደዱ ብቻ አይጠፋም። አገር አልባ ማለት ደግሞ፣ በ1954ቱ ስምምነት፣ የትኛውም አገር በሕጉ ዜጋዬ ነው የማይለው ሰው ነው። አንድ ሰው ሁለቱንም ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ስደተኞች ግን ስደተኛ ናቸው እንጂ አገር አልባ አይደሉም።

ለዚህ ነው የልጅ ልደት ማስመዝገብ ትልቅ ነገር የሚሆነው። የልደት ወረቀት ለብቻው ዜግነት አይሰጥም፤ ልጁ የት፣ መቼ፣ ከማን እንደተወለደ ግን ይመሰክራል። ነገ ዜግነቱን ለማስረዳት ሲፈልግ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህንኑ ነው። እናቶችና አባቶች፣ ያላስመዘገባችሁ ካላችሁ ዛሬ ነገ አትበሉ።

ለክፍል ውይይት

1. አራቱን የአገርነት መስፈርቶች በቱቫሉ ላይ ፈትሹ። መሬቱ ሁሉ ቢሰጥም የትኛው ይጎድላል?
2. ዜግነት ከሥራ ጋር ቢሰጥ ጥቅሙና ጉዳቱ ምንድን ነው?
3. ትምህርት ቤታችሁ ስንት ተማሪ አለው? የቫቲካን ሕዝብ ይበልጣል ወይስ የእናንተ?