ዲኤንኤው ብቻውን አይፈርድም

«ዲኤንኤውን አይታችሁ ቁርጡን ንገሩን» የሚሉን በዝተዋል። ተክል እንደ ደም ምርመራ ላቦራቶሪ ገብቶ ስሙ በወረቀት ታትሞ የሚወጣ ይመስላቸዋል። እስቲ ሜጭን እንውሰድ። ኑግ ማሳ ውስጥ ቢጫ አበባውን የሚያፈካው ይህ አረም፣ በ1974 እ.ኤ.አ. በወጣው የኑግ ወገን ክለሳ «ስካብራ» ከተባለው ዝርያ ሥር «ሺምፐሪ» የሚባል ንዑስ ዝርያ ሆኖ ተመድቧል። ሌላው ንዑስ ዝርያ፣ የዝርያውን ስም የያዘው፣ ከርሞም የሚያቆጠቁጥ ሲሆን ሜጭ ዘሩን አራግፎ በዓመቱ ይደርቃል። በዓይን የሚታየው ሁሉ ግን እንዲህ አይታመንም። ቁመትና የቅጠል ስፋት ከአፈሩና ከዝናቡ ጋር ይለዋወጣሉ፤ ከተለያየ አገር የተለቀመው ዘር አንድ መደብ ላይ ጎን ለጎን ካልበቀለ ከዘሩ የመጣውን ከቦታው ከመጣው መለየት አይቻልም። ክሮሞዞም መቁጠርም እዚህ ከንቱ ድካም ነው፤ ኑጉም ሜጩም 30 ናቸው። ይልቅ ማዳቀሉ ይናገራል። ኑግና ሜጭ ሲዳቀሉ ክሮሞዞሞቻቸው ጥንድ ጥንድ ሆነው ይገጥማሉ፣ ዲቃላውም ዘር ይይዛል። ብዙ ተመራማሪዎች ሜጭን የኑግ ቅድመ አያት የሚሉትም ከዚህ ተነሥተው ነው።

ታዲያ ዲኤንኤው ለምን አይፈርድም? ኑግ በራሱ ብናኝ ዘር አይይዝም፤ የሚያዳቅለው ንብ ነው፣ ንብ ደግሞ ሰብልና አረም አይለይም። የክሎሮፕላስት ዲኤንኤ አብዛኛውን ጊዜ በእናት በኩል ብቻ ስለሚወረስ፣ በመልኩ ፍጹም ኑግ የሆነ ተክል ከጥንት ዲቃላ የወረሰውን የሜጭ ክሎሮፕላስት ተሸክሞ ሊገኝ ይችላል። በዚያ ብቻ የተሳለ የዘር ሐረግ የአንዲት እናት ታሪክ እንጂ የተክሉ ታሪክ አይደለም። «የኒውክለሱ ዲኤንኤ ሙሉ በሙሉ ይነበብ» ለሚሉ፣ ይነበብ፤ ምን ያህል እንደተደባለቀ ያሳያል። ድንበሩ የት ይሰመር ለሚለው ግን መልስ የሚገኘው መልኩን፣ መብቀያውን፣ ዕድሜውንና የመዳቀል አቅሙን አብሮ በማየት ነው። ማስረጃዎቹ ሲጋጩስ? ግጭቱ ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል፤ ክሎሮፕላስቱ ወደ አንዱ፣ ኒውክለሱ ወደ ሌላው ካደላ የቆየ መዳቀል መኖሩን መጠርጠር አለብን።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያናድደው ግን ለምርመራ የምትመጣልን፣ ላይዋ «ሜጭ» ተብሎ ብቻ የተጻፈባት፣ ሁለት ቅጠል የያዘች ፌስታል ናት። ሥሩ፣ አበባውና ዘሩ ደርቆ ሄርባሪየም (የደረቁ ተክሎች ማኖሪያ) ካልገባ፣ የተነበበው ዲኤንኤ የትኛው ተክል እንደነበር ማንም ተመልሶ አያጣራም።