600 ዶላሩ ሲቀር

ላንድሳት የሚባሉት የአሜሪካ መንግሥት ሳተላይቶች እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ምድርን ከላይ ሆነው ሲያነሡ ኖረዋል። አንዱ ምስል 185 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው መሬት ይይዛል። ሰውን ከሰው ለይቶ አያሳይም፤ ደንን፣ ማሳንና ሐይቅን ግን በደንብ ይለያል።

ወጪውን የሸፈነው ግብር ከፋዩ ነው። ምስሉን የፈለገ ሁሉ ግን እንደገና ይከፍል ነበር። ሽያጩ ለግል ኩባንያ በተሰጠበት ዘመን የአንዱ ዋጋ ከ4,000 ዶላር በላይ ደርሷል፤ ኋላ ላይ ወደ 600 ወረደ። ቅናሹ ትልቅ ነው፤ ቢሆንም የሚያገኘውን አስቀድሞ የማያውቅ ተመራማሪ 600 ዶላር አውጥቶ ዕድሉን አይሞክርም። ስለዚህ ደመና የሌለበትን አንድ ምስል መርጦ ይገዛና በዚያው ይወሰናል።

እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ክምችቱን በሙሉ በነፃ ለቀቀ። ከዚያ በፊት በዓመት በሺዎች ይሸጥ የነበረው ምስል በሚሊዮኖች ይወሰድ ጀመር። ከብዛቱ ይልቅ የሚገርመው የጥያቄዎቹ መለወጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዓለምን ደን ለውጥ የሚያሳይ ካርታ ያወጡት ከ650,000 በላይ ምስሎችን አገናዝበው ነው። በ600 ዶላር ቢታሰብ 390 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል፤ ለአንድ ጥናት ይህን የሚከፍል ማን ነው? በክረምት ደመና የሚሸፈነውን ደጋችንንም ዛሬ ከብዙ ምስሎች ጥርት ጥርት ያለውን ቁራጭ እየለቀሙ መገጣጠም ይቻላል።

የሐረማያ ሐይቅ መድረቅ፣ የአቢያታ መሸሽ፣ በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ደግሞ በተቃራኒው እየሰፋ መምጣቱ በእነዚሁ ምስሎች ዓመት በዓመት ይታያል። ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ያለው የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ማንንም ሳያስፈቅድ ሊያጠናው ይችላል።

ማንንም ሳያስፈቅድ የሚለው ቀላል ነገር አይደለም። እኛ ዘንድ ለመመረቂያ ጽሑፍ መረጃ የሚፈልግ ተማሪ በቅድሚያ የሚጠየቀው የትብብር ደብዳቤ ነው፤ ከዚያ ፊርማ፣ ከዚያ «ነገ ተመለስ»። ገንዘብ ባይከፈልበትም፣ እንደኔ እንደኔ፣ ይህም ዋጋ ነው። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። መጠየቅ ግን አንድ በአንድ ነው። ላንድሳትን የጠቀመው ጠያቂ ሳይጠበቅ አስቀድሞ መለቀቁ፣ ያውም ኮምፒውተር አንብቦ ሊያሰላው በሚችል መልክ መሆኑ ነው። ስካን ተደርጎ የተለጠፈ ሠንጠረዥ ተለቀቀ ቢባልም ቁጥሩን በእጅ መልሶ መጻፍ ይጠይቃል።

ሁሉም መዝገብ ይከፈት ማለት ግን አይደለም። የታካሚ ካርድ ወይም የአንድ ቤተሰብ የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ የባለቤቱ ምሥጢር ነው። የዝናብ መጠን፣ የወረዳ በጀት፣ የእህል የገበያ ዋጋ ግን ማንንም የሚያጋልጡ አይደሉም፤ ከእነዚህ መጀመር ይቻላል።